በኅዳር ያልተለኮሰ እሳት

ባቢከር የታሰረው በገዛ ማመልከቻው ነው።

መጋቢት 1995 ዓ.ም.፣ አሶሳ። መርማሪው ሳጅን ሁንዴሳ ይባላል፤ የባምባሲ ልጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወረቀት ዘረጋ። የሦስቱም ግርጌ ላይ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

“ይኼ አሻራ የማነው?”

“የኔ ነው።”

“ይኸኛውስ?”

“ሁሉም የኔ ነው። ሦስት ጊዜ መጣ እኔ። ሦስት ጊዜ በእግር።”

ሳጅኑ የመጀመሪያውን አነሳና አነበበ። “‘በፋደንጉ መንደር ዙሪያ ያለውን ሳር በእሳት እንዳቃጥል እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።’ ብለሃል?”

“አዎ።”

“መንደሩ ተቃጠለ?”

“ተቃጠለ።”

“እንግዲህ ምን ቀረን፣ አባ?”

ባቢከር ወረቀቶቹን አያቸው። ማንበብ አይችልም። ሦስቱንም የጻፈለት ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ዋርካ ሥር የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው።

“ሌባ ፈቃድ ይጠይቃል?” አለ። “አንተ ፖሊስ ነው። ብዙ ሌባ አይቷል። ቤት ሊሰርቅ ነው፣ ፈቃድ ስጡኝ ያለ ሌባ አለ?”

ሳጅኑ ብዕሩን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳው። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ቅጹ ላይ ቦታ የለም። “ተጠርጣሪው ለማቃጠል ፈቃድ መጠየቁን አምኗል” ብሎ ጻፈ።

ከፋደንጉ አርባ ሦስት ጎጆዎች ሃያ ሰባቱ አመድ ሆነዋል። አንዲት ሴት ሞታለች። አንድ ሰው ጥፋተኛ መሆን ነበረበት፤ ስሙ በወረቀት ላይ የተገኘው ደግሞ ባቢከር ብቻ ነበር።

*

ፋደንጉ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ወይናደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ቁልቁለት ላይ ናት። በስተምዕራብ ከመንደሩ ዝቅ ብሎ ሸለቆ አለ፤ ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ ነው። ከሽመሉ አንስቶ እስከ መንደሩ አጥር ሰው የሚውጥ ሰንበሌጥ ይበቅላል። ሽመሉ ግድግዳ ይሆናል፣ አልጋ ይሆናል፣ ቀፎና ጎተራ ይሆናል። ሰንበሌጡ ጣሪያ ነው። በጋ ሲገባ ሁለቱም ማገዶ ናቸው። ይህን ለማወቅ በፋደንጉ ማንም ስልጠና አላስፈለገውም።

ስለዚህ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይለኮሳል። የሚለኩሱት የባቢከር ቤት ሰዎች ናቸው፤ አያቱ፣ ከዚያ አባቱ፣ ከዚያ እሱ። ሹመት አይደለም፣ ደመወዝም የለውም። መስጊዱን የሚጠርግ ሰው እንዳለ ሁሉ ሳሩን የሚለኩስም አለ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰንበሌጡ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ ሲሆን ለኳሹ በየማለዳው ይወጣል። ከጉልበቱ ቁመት ላይ አንድ ጭብጥ ሳር ይቆርጥና አውራ ጣቱ ላይ እንደ ገመድ ይጠመጥመዋል። እርጥበት ጣቱን ካራሰው ገና ነው። ሳሩ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ቀኑ አልፏል። ታጥፎ ካልተሰበረ ቀኑ ዛሬ ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሲበርድ፣ ከመንደሩ አጥር ሥር ይለኩሳል፤ እሳቱ ሽቅብ መሮጥ እንጂ ቁልቁል መሮጥ አይችልምና ወደ ሸለቆው ቀስ እያለ ይወርዳል። ልጆች እየዘለሉ ይሻገሩታል። ጤዛ ሲወርድ ራሱ ይተኛል። ሲነጋ መንደሩን ጥቁር ቀለበት ከቦት ይገኛል። በሁለት ሳምንት ቀለበቱ ያቆጠቁጣል፤ ፍየል ይበላዋል። የካቲት ላይ ከቆላው ትልቁ እሳት ሲመጣ ቀለበቱ ጋ ይደርስና የሚበላው ያጣል።

ባቢከር በወጣትነቱ አንድ ጊዜ ተሳስቷል። አንድ ቀን አሳልፎ ለኩሶ የጎረቤት ቀፎዎች ተቃጠሉበት። ከዚያ ወዲህ ቀን ስቶ አያውቅም። በደርግ ጊዜ ሱዳን ተሰዶ አራት ዓመት በስደተኛ ጣቢያ ኖረ። ሲመለስ ፋደንጉን ሰንበሌጥ ውጧት አገኘ። ቤት ከመሥራቱ በፊት የለኮሰው ቀለበቱን ነው። ሚስቱ ብኸይታ እስከ ዛሬ ትናደድበታለች።

“እኔን ዛፍ ሥር አስቀምጦ” ትላለች፣ “ሳር ሲያሽ ዋለ።”

*

ክልሉ አዲስ ነበር። ማኅተሙ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ፣ በወንበሩ ላይ የሚቀመጠውም አዲስ። አሶሳ ውስጥ ደን የሚመለከተውን መምሪያ የሚመራው ኢዘዲን የሚባል የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበር። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው። አባቱ ቀፎ ሰቃይ ነበሩ። ፋደንጉ ከአባቱ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ናት።

ጥቅምት 1993 ላይ ኢዘዲን በመኪና መጣና ሕዝቡን መስጊዱ ደጃፍ ሰበሰበ። በእጁ መመሪያ ይዟል። “ማንኛውም ሰው፣ በማንኛውም ወቅት፣ ለማንኛውም ዓላማ በደንና በሣር ምድር ላይ እሳት መለኮስ በጥብቅ የተከለከለ ነው።” መመሪያው ከሌላ ክልል ተገልብጦ የመጣ ነበር። አራተኛው አንቀጽ ስለ ጥድ ደን ያወራል። በፋደንጉ ጥድ አይቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ የልማት ሠራተኛው ምንያህል። እሱም ያየው ጎጃም ነው።

ኢዘዲን ግን መመሪያውን አላነበበም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና በበርታ ቋንቋ ተናገረ።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ባቢከር በስልሳ ዓመቱ የንጉሡን ሹም ሰምቷል፣ የደርግን ካድሬ ሰምቷል። ሁሉም በአስተርጓሚ ነበሩ። መኪና ያለው፣ ማኅተም ያለው ሰው በእናቱ ቋንቋ “አጎቴ” ብሎ ሲጠራው ይህ የመጀመሪያው ነው።

“አጎቶቼ” አለ ኢዘዲን፣ “ሌሎች እኛን ደን አቃጣዮች ይሉናል። አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ በፊቴ ይሉኛል። አሁን አገሩ የራሳችን ነው። ስማችንን እናጥራ። ፊርማ አልፈልግም። ቁርኣን አምጡና ማሉልኝ።”

ሸህ ሻዕባን፣ የመስጊዱ ኢማም፣ አልወደዱትም። “ለሳር ቁርኣን አይወጣም” አሉ።

“ለሳር አይደለም፣ ሸኻችን። ለክልላችን ነው።”

ኢዘዲን ሕዝቡን ያውቃል። ፊርማ ያደረገ በርታ ፊርማውን ሊረሳ ይችላል፤ የማለ አይረሳም። ደግሞም ቀድሞ መማል ያለበት ማን እንደሆነ ያውቃል። ሁሉም ዞረው ባቢከርን አዩት። ባቢከርም ተነሳ። እጁን ቁርኣኑ ላይ አድርጎ፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ በፋደንጉ ምድር ላይ እሳት ላይለኩስ ማለ። ከኋላው ሁሉም ማሉ።

ማታ ብኸይታ ጠየቀችው። “ምን ነካህ አንተ ሰው?”

“በቋንቋዬ ጠየቀኝ።”

“እባብም በቋንቋህ ቢያናግርህ ቤት ልታስገባው ነው?”

ሌላ ባለሥልጣን በሌላ ቋንቋ ቢያዝዘው ኖሮ ባቢከር አንገቱን ነቅንቆ ኅዳር ላይ ይለኩስ ነበር። ለዘመናት የተደረገው ይኸው ነው። ያመነው የራሱ ሰው ስለነገረው ነው። ስህተቱ ይህ ብቻ ነበር።

በዚያ በጋ አልተለኮሰም። በሚቀጥለውም። ዝናቡ ደህና ስለነበር ከቆላው የመጣው እሳት እየተልፈሰፈሰ ቀረ። ፋደንጉ “ከእሳት ነጻ ቀበሌ” ተብላ የምስክር ወረቀትና አንድ ሬዲዮ ተሸለመች። ኢዘዲን ሪፖርቱን አሳምሮ ላከ። የሁለት ዓመት ሰንበሌጥ ግን የትም አልሄደም። ያምናው ደርቆ ተኝቷል፤ የዘንድሮው በላዩ በቅሏል።

*

በ1995 ዝናቡ መስከረም ላይ ቆመ።

ምንያህል በጎጆው ደጅ የዝናብ መለኪያ፣ በግድግዳው ላይ ቴርሞሜትር ነበረው። ከማሠልጠኛ ሲወጣ የተሰጠው ነው። በየቀኑ ይመዘግባል። ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እሱ ግን ይመዘግባል። መስከረም 14፣ አራት ሚሊ ሜትር። ከዚያ በኋላ ገጹ ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ይዘንብ ነበር። ማሽላው ሳይቋጥር ቆመ። ሐምሌና ነሐሴ የዘነበው ግን ሰንበሌጡን አሳድጎት ሄዷል።

ጥቅምት 18 ቀን ባቢከር ሳር ቆርጦ አውራ ጣቱ ላይ ጠመጠመ። ታጠፈ፤ አልተሰበረም። ሦስት ሳምንት ቀድሞ ደርሷል። የቆረጠውን በጨርቅ ጠቅልሎ ምንያህል ጋ ሄደ።

“ኡስታዝ፣ ቀኑ ደርሷል። ፈቃድ ስጠኝ።”

“እኔ ምን ሥልጣን አለኝና፣ አባ ባቢከር? አሶሳ ነው የሚሰጡ።”

“አንተ መንግሥት አይደለም?”

“እኔማ የመንግሥት ጫማ ነኝ” አለ ምንያህል፣ የተቀደደ ጫማውን እያሳየ። “ያውም የግራው።”

ሸህ ሻዕባን መውጫ ነበራቸው። “የማለ ሰው የተሻለ ነገር ካየ የተሻለውን ያድርግ፤ ሦስት ቀን ጾሞ መሐላውን ይካስ። ዲኑ ይህን ይፈቅዳል።”

“ከአላህ ጋርማ እታረቃለሁ” አለ ባቢከር። “የማልኩት ግን ያለ መንግሥት ፈቃድ አልለኩስም ብዬ ነው። ልጠይቃቸውና ይፍቀዱልኝ። እንቢ የሚል ሰው አለ?”

አንድ ቀን ተኩል ተጓዘ። ራፖር ጸሐፊው ጻፈለት፤ አሻራውን አደረገ። ኢዘዲን ናዝሬት ለአውደ ጥናት ሄዷል። ጸሐፊዋ ለተማርያም ማመልከቻውን ተቀብላ መዝገብ ላይ አሰፈረች። ባቢከር ሳሩን ከጨርቁ ፈትቶ ጠረጴዛዋ ላይ አደረገ።

“ይህን ደግሞ ምን ላድርገው አባቴ? ለከብት ነው?”

“ለኢዘዲን ነው። እሱ ያውቃል። አባቱ ያውቃል።”

በኅዳር አጋማሽ ተመለሰ። ማመልከቻው በቀበሌና በወረዳ በኩል መምጣት ነበረበት ተባለ። በዚያ በኩል የሚሄድ ሁለተኛ አጻፈ። ሳሩ ገና አልተሰበረም፤ ግን ሲታጠፍ ድምፅ መስጠት ጀምሯል። ለተማርያም አዝና “ሳምንት ይመለሱ” አለችው። ሳምንት ማለት ለእሱ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አማርኛው አልበቃውም። ጣቱን ቀጭ አደረገና አሳያት።

በሦስተኛው፣ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ራፖር ጸሐፊው የለመደውን የፈቃድ ማመልከቻ ጻፈለት፤ ኢዘዲን ቢሮው ውስጥ ነበር። በበርታ ተነጋገሩ።

“አጎቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እሳት የለም ብለን ሪፖርት አድርገናል። አሁን ራሴ ፈቅጄ ላቃጥል?”

“ልጄ፣ ዝናብ ጠፍቷል። ጤዛ የለም። ሌሊቱ እንደ ቀን ይሞቃል። ከሥር የሁለት ዓመት ሳር አለ። አባትህ ቢኖሩ ይነግሩህ ነበር።”

“አባቴ አልተማሩም።”

ባቢከር ሳሩን ጠመጠመ። ተሰባብሮ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

“አየህ? አሁን ፈቃድ ብትሰጠኝም አልለኩስም። አልፏል። አሁን የሚለኩስ ሰው መንደሩን ገደለ። እኔ የመጣሁት መሣሪያ እንድትሰጡን ነው። ምድሩን እንቆፍራለን።”

ኢዘዲን የተሰባበረውን ሳር ተመለከተ። አስታወሰ አላስታወሰም ማንም አያውቅም። “አያለሁ” አለ። ባቢከር ሲወጣ ለተማርያም ቁርጥራጩን እየጠረገች ነበር።

“ተፈቀደ አባቴ?”

“አሁን እሳት ሐራም ነው” አላት በአማርኛ። “አሁን ክብሪት ሁሉ ደብቁ።”

*

ቆፈሩ። ጥርን ሙሉ፣ የካቲትንም። ወንድ ሴት፣ በዶማና በመቆፈሪያ፣ በአጥሩ ዙሪያ ስድስት እርምጃ ስፋት ያለው ባዶ መሬት። አፈሩ እንደ ሸክላ ደርቋል። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ከዚያ አርባ አንድ አለ። ሰው ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ መቆም አይችልም። ሽመሉ ቅጠሉን አራገፈ፤ ሸለቆው የሽመል አገዳ ብቻ ቆሞበት ራቁቱን ቀረ። ምንያህልም ይቆፍራል። መሣሪያና የሰው ኃይል እንዲላክ ለመምሪያው ጽፎ ነበር። መልስ መጣ። መልሱ “የሣር ምድርን መመንጠር የአፈር መሸርሸርን ስለሚያስከትል ጥንቃቄ ይደረግ” ይላል።

ምንያህል ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበላቸው።

“ከየት ነው ውሃው የሚሸረሽረን?” አለች ብኸይታ። “ውሃው ይምጣና ይሸርሽረን!”

ሳቁ። በዚያ በጋ በፋደንጉ የተሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

የካቲት 26 ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከሸለቆው ማዶ ጭስ ተነሳ። ከሰል አክሳይ ይሁን፣ መንገደኛ ይሁን፣ ከድንበሩ ማዶ ይሁን አልታወቀም። ቴርሞሜትሩ አርባ ሁለት ላይ ነበር። ነፋሱ ከሸለቆው ወደ መንደሩ ሽቅብ ይነፍሳል። ከቀለበቱ ከሦስት እጅ ሁለቱ ተቆፍሯል።

እሳቱ ሽመሉ ውስጥ ሲገባ መተኮስ ጀመረ። የሽመል አንጓ ውስጡ አየር አለው፤ ሲግል ይፈነዳል። ጦርነት ያዩት ሽማግሎች መሬት ላይ ተኙ። ባቢከር አልተኛም። “ውጡ! ሁሉን ተዉት፣ ውጡ!” እያለ ጎጆ ለጎጆ ሮጠ። የሚነድ የሰንበሌጥ ነዶ በአየር እየበረረ ስድስት እርምጃውን ተሻገረ። ስድስት አይደለም ስልሳም ይሻገር ነበር። የመጀመሪያው ጣሪያ ከተያያዘ በኋላ ሃያ ሰባቱ ጎጆዎች ለመንደድ የፈጀባቸው ጊዜ አንድ ሰው ዙሁርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሰግዶ የሚጨርስበትን ያህል ነው።

ሰዕዲያ የብኸይታ ታላቅ እህት ናት። ወጥታ ነበር። ተመለሰች። በዚያ ዓመት ማሽላው አልቋጠረም፤ ለከርሞ የሚዘራው በቤቷ አንድ ቅል ብቻ ነበር። እሱን ልታወጣ ገባች። ሲያገኟት ቅሉን በክንዷ እንዳቀፈች ነበር። ዘሩ ተቆልቷል።

*

ምንያህል በማግሥቱ ሪፖርት ጻፈ፤ አንድ ገጽ። “የእሳቱ መነሻ አልታወቀም፤ ከሸለቆው ማዶ ከምዕራብ መጥቷል። ነዋሪው በወቅቱ ቀለበት እንዲያቃጥል ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ መልስ አላገኘም። ድርቁና ሙቀቱ ከፍተኛ ነበር።” በመምሪያው ማኅተም ወደ ላይ የተላለፈው ሪፖርት ግን ሌላ ነው። “በአንዳንድ አርሶ አደሮች ኋላ ቀር ልማድ ምክንያት የተነሳ ሰደድ እሳት” ይላል። ቀጥሎ የማመልከቻዎቹ ቁጥር ተጠቅሷል። በዚያ ቁጥር ፖሊስ መጥቶ ባቢከርን ወሰደው፤ የተቃጠለው ቤቱ አመድ ገና አልበረደም ነበር።

ችሎቱ በግንቦት ዋለ። ዐቃቤ ሕጉ ሦስቱን ወረቀት አቀረበ። ሳጅን ሁንዴሳ ተጠየቀ፤ ተከሳሹ ሲለኩስ ያየ ሰው እንዳላገኘ መሰከረ። ምንያህል ደብተሩን ይዞ ቆመና አነበበ። ቀን፣ ሚሊ ሜትር፣ ዲግሪ። ቀን፣ ባዶ፣ ዲግሪ። ዳኛው እንዲያቋርጥ ሁለት ጊዜ አዘዙት።

“ጨረስኩ ጌታዬ። የቀረው ሁሉ ባዶ ነው።”

ከዚያ ማንም ያልጠራት ሴት እጇን አወጣች። ለተማርያም ነበረች።

“ሁለቱንም ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ” አለች። “የልማት ሠራተኛውን በጽሕፈት መኪና ገልብጭ ተባልኩ፤ ገለበጥኩ። ቆየት ብሎ ቅደጅው፣ ይኸኛውን ጻፊ ተባልኩ። ቀደድኩ። ጻፍኩ። የመጀመሪያው ቅጂ ይኸው።”

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። “ይህን ሰነድ ይዘሽ እንድትወጪ ማን ፈቀደልሽ?”

“ዋናውን ቅደጅ ነው ያሉኝ። የካርቦኑን ቅጂ ያነሳ የለም።”

ችሎቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ዳኛው ጠረጴዛ መቱ።

“ሌላም አለ” አለች። “በታኅሣሥ እኚህ ሰውዬ ከአለቃዬ ቢሮ ሲወጡ ‘አሁን እሳት ሐራም ነው፣ ክብሪት ደብቁ’ ብለውኛል። አለቃዬ የሰሙትን እሳቸው ይንገሩ። ተጠርተው ነበር፤ አልመጡም።”

ኢዘዲን መስክ ላይ ነበር። ባቢከር በነጻ ተለቀቀ። ይቅርታ ያለው የለም። ለተማርያም በወሩ ከዓባይ ማዶ ወደ ማንቡክ ተዛወረች። የዝውውሩ ደብዳቤ “ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል” ይላል። ኢዘዲን ወንበሩ ላይ ቆየ። መመሪያውም ቆየ፤ አራተኛው አንቀጽ አሁንም ስለ ጥድ ደን ያወራል።

*

ጥቅምት 1996 ባቢከር አሶሳ ድረስ ሄደ። ማመልከቻ አላጻፈም። ኢዘዲንን ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አነጋገረው።

“ሦስት ቀን ጾሜያለሁ። ከመሐላህ ወጥቻለሁ። በዚህ ወር እለኩሳለሁ። ፈቃድ ልጠይቅህ አይደለም የመጣሁት። አልሰማሁም እንዳትል ነው።”

“አጎቴ፣ ትታሰራለህ። በዚህኛው ማስረጃ አይጠፋም።”

“አይጠፋም። እኔው ነኝ ማስረጃው።”

ኅዳር 3 ቀን፣ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በአዲሶቹ ጎጆዎች አጥር ሥር ለኮሰ። እሳቱ ቁልቁል ወረደ። ምንያህል ቆሞ የነፋሱን አቅጣጫና ሰዓቱን መዘገበ። ብኸይታ በእህቷ መቃብር ዙሪያ ያለውን ሳር አስቀድማ በእጇ ነቅላ ነበር። ሲመሽ እሳቱ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጣ። ባቢከር ልብሱን ቋጥሮ እየጠበቀ ነበር።

አራት ወር ተፈረደበት።

የካቲት ላይ አገሩ ዳግም ነደደ። ያም ዓመት ደረቅ ነበር። ዘጠኝ መንደር እንደ ፋደንጉ ለኢዘዲን ምለው፣ እንደ ፋደንጉ መሐላቸውን ጠብቀው ነበር። በአንድ ቀትር ማረሚያ ቤቱ በር ላይ የመምሪያው ፒክአፕ ቆመ። ኢዘዲን ራሱ ወረደ። ሸሚዙ ጥላሸት ነበር። ከአዛዡ ጋር ሁለት ቃል ተነጋገሩና ባቢከርን አስጠሩት።

“አጎቴ፣ ወደ አባቴ መንደር እየሄደ ነው። ምን እናድርግ?”

“ተለኩሶ ነበር? ኅዳር ላይ?”

“አልተለኮሰም።”

“የስንት ዓመት ሳር ነው?”

ኢዘዲን ወደ መሬት አየ። “የአራት።”

“ነፋሱ ወዴት ነው?”

“ወደ መንደሩ።”

“እንግዲያው ለእሳቱ የሚደረግ ነገር የለም። ወታደር ብታመጣ፣ ውሃ ብታመጣ የለም። አራት ዓመት ያበላኸው ነው።”

“ዝም ብዬ ልይ?”

ባቢከር ፒክአፑን ዞረና በኋላ በኩል ወጣ። ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ።

“ለሾፌሩ ንገረው” አለ ባቢከር። “ወደ ጭሱ እንዳይሄድ። ዞሮ ከጭሱ ፊት ይቅደም። መጀመሪያ መራመድ የማይችሉትን እንጭናለን። ዘር ልያዝ፣ ፍየል ልፍታ የሚል ሰው ካለ አትለምኑት፤ ተሸከሙት። ቶሎ በል።”

ኢዘዲን ከፊት ሊገባ ሲል ባቢከር የመኪናውን ጣሪያ በእጁ መታ።

“አንተ ፊት ገብተህ ቦታ አትያዝ። የአንድ አሮጊት ቦታ ነው። እዚሁ ከኋላ፣ ቁጭ በል።”

ኢዘዲን ከኋላ ወጣ። መኪናው ተነሳ።